የአክሪሊክ ጣሪያ በርክክብ ቀን ብቻ አይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፤

በሐዋሳ ከተማ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሚሠሩ ሆቴሎች፣ የገበያ ሕንፃዎችና ካፌዎች ላይ አክሪሊክ እንደ ግንባታ ዕቃ ሲያገለግል ማየት የተለመደ ሆኗል። ቀድሞ በማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ ብቻ የምናውቀው ይህ ብርሃን አሳላፊ ሉህ ዛሬ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ እስከ ፒያሳ የመግቢያ ጣሪያ፣ የበረንዳ መከታ፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ አልፎ አልፎም ሰው የሚረግጠው የደረጃ መርገጫ እየሆነ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቁሱን ለማጥላላት አይደለም፤ አክሪሊክ በአግባቡ ከታሰበበት ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ዕቃ ነው። የሚያሳስበኝ ሸክም ተሸክሞ ለዓመታት ሲቆይ የሚያሳየው ለውጥ በዲዛይን ጊዜ አለመታሰቡ፣ በርክክብ ጊዜም ማንም የማይጠይቀው መሆኑ ነው።

ብረት ሸክም ሲጫንበት የሚለመጠውን ያህል ወዲያውኑ ይለመጣል፤ ያው ሸክም ለ30 ዓመት ቢቆይበት፣ በተለመደው የአየር ሙቀት፣ ጉብጠቱ በዓይን በሚታይ መጠን አይጨምርም። የአክሪሊክ ጠባይ ከዚህ የተለየ ነው። አክሪሊክ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው የሠሩት ፕላስቲክ በመሆኑ፣ ሸክም ሲያርፍበት መጀመሪያ ወዲያውኑ ይለመጥና ከዚያ በኋላ ሰንሰለቶቹ ቀስ በቀስ እየተንሸራተቱና ቦታ እየለወጡ በሰዓታት፣ በሳምንታትና በዓመታት ውስጥ መጉበጡን ይቀጥላል። ሸክሙ ሳይጨምር ጉብጠቱ ይጨምራል። መሐንዲሶች ክሪፕ የምንለው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጠን ይላል፤ እየቆየ ይዘገያል፤ ጨርሶ ግን አይቆምም። ሸክሙ ቢነሳ ሉሁ ከጉብጠቱ ከፊሉን ቀስ እያለ ይመልሳል እንጂ፣ ለዓመታት የተሸከመ ሉህ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ይላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአክሪሊክ መደርደሪያ ላይ ከባድ ዕቃ ደርድሮ ያቆየ ባለ ሱቅ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ልዩነቱ መደርደሪያው ቢጎብጥ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ መሆኑ ነው።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው አቅራቢው ይዞት ከሚመጣው የመረጃ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የአክሪሊክ የመጎተት ጥንካሬ 70 ሜጋፓስካል (በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) ገደማ ተብሎ ይሰፍራል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር የተገኘው በላቦራቶሪ ውስጥ ትንሽ ናሙና በጥቂት ደቂቃ ጊዜ ተጎትቶ ሲበጠስ ነው። ለዓመታት ለሚቆይ ሸክም አምራቾችና ዲዛይነሮች የሚጠቀሙበት የውጥረት ወሰን ከ5 እስከ 10 ሜጋፓስካል ባለው ውስጥ ነው፤ ይህም ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር አንድ ሰባተኛ ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። የግትርነቱ ነገር ደግሞ ከጥንካሬው ይብሳል። የአክሪሊክ የመለጠጥ ሞጁለስ፣ ማለትም ግትርነቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ 3,000 ሜጋፓስካል አካባቢ ሲሆን የመስታወት 70,000፣ የብረት ደግሞ 200,000 ገደማ ነው። ስለዚህ በእኩል ውፍረትና በእኩል ሸክም አክሪሊክ ከመስታወት ከ20 እጥፍ በላይ ይለመጣል፤ ይህም ገና በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ክሪፕ ሲታከልበት፣ ለረዥም ጊዜ ሸክም በሚሠራ ስሌት ሞጁለሱን ወደ ግማሽ አውርዶ መያዝ ይገባል፤ ሙቀት ባለበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ማድረግ ጥንቃቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሉህ 1 ሜትር በተራራቁ ሁለት ቱቦላሬዎች ላይ ቢጋደም፣ ምንም ሳይጫንበት በራሱ ክብደት ብቻ መሐሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። የቱቦላሬዎቹ ርቀት ወደ 1.5 ሜትር ሲሰፋ ጉብጠቱ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል ብሎ የሚገምት ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን 31 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ጉብጠት የሚያድገው በርቀቱ አራተኛ ርቢ ነው። በዚህ ሁኔታ በሉሁ ውስጥ ያለው ውጥረት 2 ሜጋፓስካል ብቻ ሲሆን ከ70ው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሦስት እጅ አይሞላም። ስለዚህ «ይሰበራል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አሠሪ «አይሰበርም» የሚል እውነተኛ መልስ ይሰጠዋል። መጠየቅ የነበረበት ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ነው፤ የዚያ መልስ፣ ሞጁለሱ በግማሽ ሲወርድ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ ዝናቡ ይገባል። የከተማችን ዝናብ ከበልግ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ ድረስ ብዙ ወራት የሚዘልቅ ነው፤ የመግቢያ ጣሪያዎች ደግሞ ለውበት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ተዳፋት ሳይኖራቸው ወይም እጅግ ጥቂት ተዳፋት ኖሯቸው ነው። የጎበጠ ሉህ ውሃ ያቁራል፤ ያቆረው ውሃ ደግሞ ሸክም ሆኖ ሉሁን ይበልጥ ያጎብጠዋል። ከላይ በጠቀስኩት ሉህ ላይ ስሌቱን ብንቀጥል፣ ድጋፉ 1.5 ሜትር በተራራቀበት ጊዜ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ጉብጠት የሚያቁረው ውሃ በራሱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ ጉብጠት ያመጣል። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል መቆሚያ የለውም፤ የሚያስቆመው ውሃው በጠርዝ ሞልቶ መፍሰሱ ወይም የሉሁ ከማሰሪያው መውጣት ነው። በ1 ሜትር ርቀት የሚታየው ደግሞ ለእኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። ሉሁ አዲስ ሳለ የአንድ ሚሊ ሜትር ጉብጠት ውሃ የሚጨምረው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ነገሩ ተረጋግቶ ይቆማል፤ ከዓመታት ክሪፕ በኋላ ግን ጭማሪው ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ይህም ከአደጋው ወሰን፣ ማለትም ከ1 ሚሊ ሜትር፣ እምብዛም የራቀ አይደለም። አንድ ጣሪያ በመጀመሪያው ክረምት ያለ ችግር አለፈ ማለት ስድስተኛውን ክረምት ያልፋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

ሙቀት ክሪፕን ያፋጥናል። አክሪሊክ የሚለሰልሰው 105 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ቢሆንም መዳከም የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው፤ ቡናማና ጥቁር ቀለም ያላቸው ሉሆች ደግሞ የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባቸው ከአየሩ በብዙ ይሞቃሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይ አለ። አክሪሊክ በሙቀት የሚሰፋው ከብረት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው፤ 3 ሜትር ርዝመት ያለው ሉህ በሌሊትና በቀትር መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢገጥመው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የተሸከመው ቱቦላሬ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በእኛ አካባቢ ሉሁ የሚታሰረው ልክ በቡሎኑ መጠን ተበስቶ፣ ቡሎኑም እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነው። መሄጃ ያጣው ሉህ በመሐል ይነፋል ወይም በቀዳዳው ዙሪያ የማያቋርጥ ውጥረት ይሸከማል፤ ከጊዜ በኋላ በቡሎኖቹ ዙሪያ ብርሃን ሲመታቸው የሚያብረቀርቁ ጭረት መሳይ ጥቃቅን ስንጥቆች የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ውጥረት ባለበት ሉህ ላይ በቲነር፣ በአሴቶን ወይም አልኮል ባለው ፈሳሽ ማጽዳት ስንጥቆቹን በእጅጉ ያፋጥናል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ በቂ ነው።

ስለ ቅስት ጣሪያዎችም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የሚሠሩት ቀጥ ያለውን ሉህ ሳያሞቁ በኃይል አጉብጦ በቅስት ብረት ላይ በማሰር ነው። ይህ የተከለከለ አሠራር አይደለም፤ ነገር ግን ሉሁ ገና ዝናብም ነፋስም ሳያገኘው በውስጡ ቋሚ ውጥረት ይዞ ይኖራል። ስለዚህ አምራቾች የቅስቱ ሬዲየስ ከሉሁ ውፍረት 330 እጥፍ እንዳያንስ ያሳስባሉ፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ሉህ ይህ 3.3 ሜትር ነው። በከተማችን የማያቸው ጠባብ የበር ላይ ቅስቶች ከዚህ በብዙ ያንሳሉ። ጠባብ ቅስት የግድ ከተፈለገ በሙቀት ተቀርጾ የቀዘቀዘ ሉህ መጠቀም ይገባል።

በሌላው ዓለም አክሪሊክን ለትልቅ ሥራ ያዋሉት ሰዎች ይህን ጠባይ አውቀው ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 ለተካሄደው የሙኒክ ኦሊምፒክ በጉንተር ቤኒሽና በፍራይ ኦቶ የተነደፈው ታዋቂ ጣሪያ 75 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን የተከደነው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ባላቸው የአክሪሊክ ሉሆች ነው። ይህን ያህል ስስ መሆን የቻሉት ሉሆቹ ያረፉበት የብረት ገመድ መረብ ዓይኖቹ 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆኑ፣ ማያያዣዎቹም ሉሁ እንዲላወስ የሚፈቅድ ጎማ ስላላቸው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሉሆቹ ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ አገልግሎት በኋላ ተለውጠዋል። በጃፓን ኦኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው የቹራውሚ የዓሣ ማሳያ ገንዳ መስኮት ደግሞ ቁመቱ 8.2 ሜትር፣ ወርዱ 22.5 ሜትር ሆኖ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ውሃው እስከ መስኮቱ ጫፍ ሞልቶ መስኮቱ ከላይና ከታች ብቻ የተደገፈ ቢሆን ብዬ ባሰላው፣ በአክሪሊኩ ውስጥ የሚኖረው ውጥረት 6 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል፤ ከጥንካሬው አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ውፍረት የተሰጠው ውሃው በመጀመሪያው ቀን እንዳይሰብረው ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ሳያርፍ ሲገፋው እንዲችል ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በርሊን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ የያዘው አኳዶም የተባለ የአክሪሊክ ገንዳ መፈንዳቱን ብዙ አንባቢ ያስታውሳል፤ አንዳንድ ሰዎችም ይህን የክሪፕ ማስረጃ አድርገው ሲያነሡት ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ የተደረገው ምርመራ አንድ ምክንያት ለይቶ ማረጋገጥ አልቻለምና። የከተማችን ጣሪያዎች ጉዳይ በተረጋገጠው የቁሱ ጠባይ ብቻ ሊቆም ይችላል፤ ባልተረጋገጠ አደጋ ሰውን ማስፈራራት አያስፈልግም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጡት የሕንፃ ዲዛይን ደረጃዎች ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨትና ለግንብ የየራሳቸው ጥራዝ አላቸው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ደረጃዎች መሠረት ተሻሽለዋል። በእነዚህ ደረጃዎች ኮንክሪት ለረዥም ጊዜ ሲጫን የሚያሳየው ክሪፕ የሚሰላበት ሥርዓት አለ፤ እንጨትም ሸክሙ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ጥንካሬው እየተቀነሰ እንዲሰላ ይደረጋል። ስለዚህ ዕቃ በጊዜ ብዛት ይጎብጣል የሚለው ሐሳብ ለመሐንዲሶቻችን አዲስ አይደለም። ለአክሪሊክ ራሱን የቻለ ጥራዝ ባለመኖሩ ግን ዲዛይነሩ «ይህ ማስዋቢያ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ በፕላኑ ላይም ሉሁ በአንድ መስመር ተሥሎ «አክሪሊክ» ከሚል ቃል በቀር ውፍረቱም፣ ዓይነቱም፣ የድጋፉ ርቀትም አይጻፍም። ከዚያ በኋላ ውሳኔው በያጁ እጅ ይወድቃል። በያጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለአምስት ዓመት የሚቆይ ሸክምን ማስላት የእርሱ ኃላፊነት አይደለም። ሰው በሥሩ የሚያልፍበት፣ ሰው የሚደገፍበት ወይም ሰው የሚረግጠው ማንኛውም ሉህ ማስዋቢያ ሊባል አይገባውም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁሉም አገልግሎት እኩል አሳሳቢ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ቀጥ ብሎ የቆመ የበረንዳ መከታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ነው፤ ሰው ሲደገፈው የሚመጣው ሸክም ለደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ የክሪፕ ጉዳይ እምብዛም አያሰጋም፣ ሊፈተሽ የሚገባው ጥንካሬውና ማሰሪያው ነው። የደረጃ መርገጫም ሰው ተራምዶ ሲያልፍበት ሸክሙ አላፊ ነው። ነገር ግን ከመርገጫው ጥግ ከባድ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦ ዓመት ማቆየት ሌላ ነገር ነው፤ ይህን በሆቴሎቻችን ውስጥ አይቻለሁ። ትልቁ ሥጋት ያለው በተጋደሙ ጣሪያዎች ላይ ነው።

የምጠይቀው ነገር አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የሚያሻው አይደለም። በግንባታ ውሎቻችን ውስጥ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉ፤ በመካከላቸውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያልፋል፣ የሥራ ተቋራጩ የመያዣ ገንዘብም እስከዚያ ይቆያል። ይህ አሠራር ጉድለት ጊዜ ወስዶ ለሚገለጥበት ዕቃ ሁሉ የሚመች ሲሆን፣ ለአክሪሊክ ደግሞ እጅግ ተስማሚ ነው። በጊዜያዊ ርክክቡ ዕለት ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ሲባጎ ተወጥሮ የእያንዳንዱ ሉህ የመሐል ጉብጠት በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ቁጥሩም ከዕለቱ የአየር ሙቀት ጋር በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ከዓመት በኋላ በመጨረሻው ርክክብ በዚያው ቦታ፣ በተቀራራቢ ሰዓት እንደገና ይለካ። ጉብጠቱ ዲዛይነሩ ለአንድ ዓመት ካሰላው በላይ ሆኖ ከተገኘ የመያዣ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት ድጋፍ ይጨመር። አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው ሉሁን ገልብጦ መልሶ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ጉብጠቱን ለጊዜው ይሰውረዋል እንጂ ሸክሙም ርቀቱም ያው ስለሆኑ ሉሁ በሌላው ወገን እንደገና መጉበጥ ይጀምራል።

የከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ክፍልም ፕላን ሲመረምር አራት ነገሮች ተጽፈው እንዲቀርቡ ቢጠይቅ ብዙ ችግር ከመፈጠሩ በፊት ይቀራል፤ እነዚህም የሉሁ ውፍረት፣ የድጋፎቹ ርቀት፣ ለስሌቱ የተያዘው የረዥም ጊዜ ሞጁለስና የሉሁ ዓይነት ናቸው። ዓይነቱን መጠየቅ ያስፈለገው በሻጋታ ፈስሶ የተሠራው ሉህ በማሽን ተገፍቶ ከሚወጣው ይልቅ ክሪፕንም ጥቃቅን ስንጥቅንም የተሻለ ስለሚቋቋም ነው። በገበያ ላይ ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ በዋጋ ግን ይለያያሉ፣ ስለዚህ በወረቀት ካልተጠየቀ የሚገባው ርካሹ ነው።

ወጪ ይበዛል የሚሉ አሠሪዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉብጠት በርቀቱ አራተኛ ርቢ የሚያድግ እንደ መሆኑ፣ ርቀቱ ሲያጥርም የሚቀንሰው በዚያው ልክ ነው። ያ 1.5 ሜትር ላይ 31 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ሉህ በመሐሉ አንድ ተጨማሪ ቱቦላሬ ቢገባለት፣ ጉብጠቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ክሪፕ እጥፍ ቢያደርገው እንኳ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ይህን ለማግኘት የሉሁን ውፍረት ማሳደግ አያስፈልግም፤ የብረቱ ዋጋ ደግሞ ከአክሪሊኩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለቡሎኖቹ ቀዳዳውን ከቡሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር አስፍቶ መብሳት፣ በሥራቸው የጎማ ሮንዴላ ማድረግና ከመጠን በላይ አለማጥበቅ ምንም ያህል ተጨማሪ ወጪ የለውም። አሁን ተሠርተው ያሉትን ጣሪያዎች በተመለከተ፣ ባለቤቶቹ መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት ሲባጎ ወጥረው እንዲለኩና፣ ዝናብ ባቆመ ማግሥት ውሃ የሚያቁሩት ሉሆች የትኞቹ እንደሆኑ እንዲመዘግቡ እለምናለሁ። ውሃ ያቆረ ሉህ በተገኘበት ቦታ ሁሉ፣ የመሐል ድጋፍ እስኪገባለት ድረስ፣ ከሥሩ ወንበርና ጠረጴዛ ይነሣ።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሕንፃ መሐንዲስ
ከሐዋሳ